ጨውን ከውኃ ለመለየት የሚከፈል የጉልበት ዋጋ

በስምጥ ሸለቆና በቆላማ አካባቢዎች ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ ሲወጣ የሚሰማው ደስታ አንዳንድ ጊዜ ውኃው እስኪቀመስ ድረስ ብቻ ይቆያል። ውኃው ጨዋማ ሆኖ ሲገኝ በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ የተለያየ ሐሳብ ይነሣል፤ አንዱ «እናፍላው» ይላል፣ ሌላው «መሣሪያ እንግዛ» ይላል፣ ሦስተኛው ጉድጓዱን መተው ይሻላል ይላል። ለመወሰን ግን አስቀድሞ ጨው ከውኃ ሲለይ የሚጠይቀውን ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጨው በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ማንም ሳይረዳው ነው። ቴርሞዳይናሚክስ የተባለው የሳይንስ ዘርፍ እንደሚያስረዳው፣ በራሱ የተቀላቀለ ነገር በራሱ አይለያይም፤ ለመለያየቱም ሊቀንስ የማይችል የጉልበት ዋጋ አለው። አንድ ቁና ጤፍን ከአሸዋ ጋር ለመደባለቅ አፍታ ይበቃል፤ መልሶ ለመለየት ግን ቀኑ አይበቃም። ይህን ዝቅተኛ ዋጋ በዋናነት የሚወስነው የጨዉ መጠን ነው። የመሣሪያው ብልሃት ወደ ዝቅተኛው ዋጋ ሊያቀርበን ይችላል እንጂ ከዚያ በታች ሊያወርደን አይችልም።

አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ከዚህ ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ንጹሕ ውኃ ለማውጣት ቢያንስ 0.75 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ይህ ያንኑ ውኃ 270 ሜትር ያህል ወደ ላይ ከማውጣት ጋር ይተካከላል። በዘመናችን ያሉ ትልልቅ ተቋማት በተግባር 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠቀማሉ። «የባሕር ውኃ አጣርተን ለምን አናመጣም?» ለሚሉ ወገኖች አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከባሕር ወለል እስከ አዲስ አበባ ከፍታ ድረስ ለማውጣት ብቻ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ከማጣራቱ ይልቅ ሽቅብ ማውጣቱ ይከብዳል ማለት ነው።

ስለ ማፍላት በሰፊው መነጋገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ውኃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ጨዉ ግን እዚያው ይቀራል። እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል። ጨው የሌለበት ውኃ ለማግኘት እንፋሎቱን ይዞ ማቀዝቀዝ ግድ ነው። ውኃን ወደ እንፋሎት መለወጥ ደግሞ በአንድ ሜትር ኩብ ከ600 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይበላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥቂቱን ጨው ለመለየት ብለን ብዙውን ውኃ ሁሉ እንፋሎት እናደርጋለን። በሦስት ጉልቻ ላይ አንድ ጀሪካን ውኃ በዚህ መንገድ ለማጣራት ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ደረቅ እንጨት ይነዳል። ይህን የሚሸከም ደን በአካባቢያችን የለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሙቀት የሚሠሩት ተቋማት የሚያዋጣቸው እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚለቀውን ሙቀት ለሚቀጥለው ክፍል ደጋግመው ስለሚጠቀሙበት ነው።

ፀሐይም ውኃ ታተናለች፤ ነገር ግን በመስታወት የተሸፈነ ገንዳ በጥሩ ፀሐይ ከአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ያህል ብቻ ይሰጣል። ለአንድ ጤና ኬላ የመጠጥ ውኃ ይበቃ ይሆናል፤ ለመንደር አይበቃም። ዝናብ ራሱ ፀሐይ ያጣራችው ውኃ መሆኑን እናስታውስ። 200 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ እስከ 2,000 ሊትር ውኃ ይሰበስባል።

የጉድጓድ ውኃ ግን እንደ ባሕር አይደለም። በሊትር 3 ግራም ጨው ያለው ውኃ ዝቅተኛ ዋጋው ከባሕር ውኃ ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውኃን በግፊት አሳልፎ ጨውን በሚያስቀር ስስ ሽፋን የሚሠራ መሣሪያ በፀሐይ ኤሌክትሪክ ሊሠራ ይችላል። ሽፋኑ ግን በኖራና በደለል ይደፈናል፤ የሚያጸዳና የሚተካ ሰው፣ የመለዋወጫም በጀት ይፈልጋል። «ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ግፊት ጨው ያወጣል» የሚል ሻጭ ቢመጣ ኮሚቴው ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቀው። አሸዋና ሸክላ ደለልን ያጠልላሉ፤ የሟሟ ጨውን አያስቀሩም።

ከግዢ በፊት ውኃው በቤተ ሙከራ ይመርመር። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ጣዕም ሳያሰማ ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ችግሩ ፍሎራይድ ብቻ ከሆነ ጨውን ሁሉ ማውጣት አያስፈልግም፤ በአጥንት ከሰል ማጣራት በጣም አነስተኛ ጉልበት ይፈልጋል። ከሰሉ ከከብት አጥንት የሚዘጋጅ ስለሆነ በጾም ወቅት ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላልና ከምእመናን ጋር ቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

በመጨረሻም የሚቀረውን ውኃ ማሰብ ያሻል። ከአራት ጀሪካን ሦስቱ ቢጣሩ አራተኛው ቀድሞ ከነበረው አራት እጥፍ ያህል ጨዋማ ይሆናል። ይህ ወደ እርሻ ወይም ወደ ጉድጓዱ አጠገብ እንዳይፈስ፣ የሚተንበት ገንዳ ቦታው መሣሪያው ሳይገዛ መወሰን አለበት።