ከሆቴሉ በፊት ባለጀልባውን

ተጂ ላይ ዕረፍት የሚታሰበው እህሉ ቤት ከገባ በኋላ ነው። በበቾ ሜዳ ጤፉ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ በጥቁሩ መሬት ላይ የተዘራው ሽምብራና ጓያ ደግሞ ወደ ጥር ይዘልቃል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በ2017 ዓ.ም. የካቲት 17፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 9 ነበር የገባው። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ የትምህርት ቤቱን የመንፈቀ ዓመት ዕረፍትም እቆጥራለሁ። ጥምቀትን፣ የሽምብራውን ነቀላ፣ የነነዌን ጾምና የልጆቹን ፈተና ካሰላሁ በኋላ የምትተርፈው ጥቂት ቀን በጥር መጨረሻ ላይ ትገኛለች። እቁባችን ለሐይቅ ጉዞ የሚያስቀምጠውን ገንዘብ የምናወጣው ያን ጊዜ ነው።

የእቁብተኞቻችን ልጆች የሚመኙት የጀልባ ቤት ነው። በስልክ አይተውታል፤ መኝታ፣ ማዕድ ቤትና በረንዳ ያለው፣ እየተንሳፈፈ የሚታደርበት ቤት። በሕንድ ኬረላ ድሮ ሩዝ ያመላልሱ የነበሩት ትልልቅ ጀልባዎች ዛሬ ሾፌርና ወጥ ቤት ተቀጥሮላቸው ለእንግዳ ይከራያሉ። በካሽሚር ዳል ሐይቅ ላይ ከእንጨት የተሠሩ የጀልባ ቤቶች ዳር ይዘው ቆመው ያሳድራሉ። ወደ እኛ ቀረብ ስንል በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል በተንጣለለው ካሪባ ሐይቅ ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ ለቀናት ጀልባ ይከራያል።

በአገራችን በጀልባ አዳር ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበኝ የጣናው ጉዞ ነው። ለብዙ ዓመታት ትልቋ ጀልባ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ዘጌንና ደቅን ነክታ፣ ቁንዝላ ታድርና ሰኞ ጎርጎራ ትገባ ነበር። ጣና ታላቅ ነው፤ እወደዋለሁ። ነገር ግን ለእኛ ማኅበር ሩቅ ነው፤ ዛሬ መንገዱን ያለ ሥጋት ልጆች ይዞ መሄድም አይቻልም። ሌላም ነገር አለ። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ ሴት አይገባባቸውም። የገዳማቱን ሥርዓት አከብራለሁ፤ ግን ከእቁባችን ግማሹ ሴት ነው። እናቶችንና ሴት ልጆችን ጀልባ ላይ አስቀምጦ ወንዶቹ ብቻ የሚወርዱበትን መርሐ ግብር አላወጣም። ጣና የምትሄዱ ሁሉ የትኛው ደሴት ማንን እንደሚቀበል ቤታችሁ ሳላችሁ ጠይቁ።

እኛ የምንሄደው ባቱ ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም ዝዋይ የሚለው። ከተጂ ተነሥቶ አዲስ አበባ መግባት አያስፈልግም። ወደ ሰበታ አቅጣጫ ወጥቶ ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ መታጠፍ ነው። በዚያ መንገድ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጥንታዊ ሰው ዱካ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ የእኛን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ በዚያ ያልፋል፤ ክረምት መስኩን የሚያለብስብንን ወንዝ ልጆቹ እዚያ ድልድይ ላይ ሆነው ያዩታል። ጥቂት አለፍ ብሎ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ከቡታጅራ ባቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አብዛኛው ሰው ለሐይቅ ጉዞ ሲዘጋጅ ቀድሞ የሚይዘው ሆቴል ነው። ባለጀልባውን ከደረሰ በኋላ ወደብ ላይ ይፈልገዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምደውለው ለባለጀልባው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ መልስ በኋላ ይወሰናል። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል፤ ያውም አጭርና ተደጋጋሚ፣ ትንሽ ጀልባን እያንገጫገጨ የሚመታ ማዕበል። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲግል ነፋሱ ይበረታል። የምናምነው ባለጀልባ ጎልማሳ ሰው ነው፤ “መምህርት፣ ነፋሱ ሳይነቃ እንሻገር” ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ይህን የተረዳ ሰው ዕቅዱን ከኋላ ወደ ፊት ይሠራል። ወደ ትልቁ ደሴት ወደ ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ መሻገር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለመነሣት ከዋዜማው ባቱ ማደር ግድ ነው። ባቱ በጊዜ ለመግባት ደግሞ ከተጂ ጎሕ ሲቀድ መውጣት ያስፈልጋል። በዚያው ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚሞክር ሰው መልሱን ከነፋሱ ጋር ያደርገዋል፤ ደሴቱንም በጥድፊያ አይቶት ይመለሳል። ስለዚህ ደሴቱ ላይ ማደር ቅንጦት አይደለም። በአንዱ ጠዋት ሄዶ በሚቀጥለው ጠዋት መመለስ በሁለቱም መንገድ ጸጥ ያለ ውኃ ማግኘት ነው። ልጆቻችን የተመኙትን ውኃ ላይ ማደርም በከፊል በዚህ ያገኙታል፤ ድንኳናቸው ከሐይቁ ትንሽ ከፍ ብሎ ይተከላል፣ ሌሊቱን ሙሉ የውኃውን ድምፅ ይሰማሉ። የድንኳኑ ቦታ ከደሴቱ ሰዎች ጋር አስቀድሞ በስልክ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ያንንም የሚያገናኘው ባለጀልባው ነው።

ከባለጀልባው ጋር የምስማማባቸውን ነገሮች ልናገር፤ ጀልባውን የምንይዘው በኮንትራት ነው። ዋጋው ቤንዚኑን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ሲመለስ የሚበቃ ትርፍ ቤንዚን በጄሪካን ይዟል? ሞተሩ ቢቆም መቅዘፊያ አለው? ሌሊቱን ደሴቱ ላይ አብሮን ያድራል ወይስ ሄዶ ይመለሳል? ቀብድ እሰጣለሁ፤ ቀሪውን ስንመለስ። ጀልባዋ አሥራ ሁለት ሰው ትይዛለች ከተባለ ከነጓዛችን ዘጠኝ ሆነን እንሳፈራለን፤ የቀረው ሁለተኛ ጀልባ ይያዝለታል። በዚህ ጉዳይ እቁቡ ውስጥ ያለ ማንም ሰው “ገንዘብ አባከንሽ” ቢለኝ አልሰማም።

ላይፍ ጃኬት የሌለው ልጅ አይሳፈርም። ብዙ ጀልባዎች ላይ ያለው የአዋቂ ልክ ነው፤ ልጅ ለብሶት ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ወደ ላይ ወጥቶ ልጁ ወደ ታች ይቀራል። መፈተኛው ቀላል ነው። ታስሮ ካለቀ በኋላ ጃኬቱን በትከሻው በኩል ወደ ላይ ሳቡት፤ ወደ ጆሮው ከወጣ አይሆንም። የልጆቹን ልክ በኪራይም በውሰትም ፈልገን ከቤት ይዘን እንወጣለን።

ስለ ስንቅ ለተጂ ሰው መንገር አያሻም። ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፤ የማይበላሽና ቦታ የማይዝ። ዓሣውን፣ ቆሮሶውንም አምባዛውንም፣ እዚያው እንገዛለን። የሚጠጣ ውኃ ግን ከባቱ ጭነን እንሄዳለን እንጂ ከሐይቁ አንቀዳም።

ስለ ጤና ግን ረዘም አድርጌ ብናገር ደስ ይለኛል፤ እኛ የተጂ ሰዎች ቸል የምንለው ነው። የባቱ ከፍታ 1,640 ሜትር ገደማ ነው፤ ወባ አለ። አጎበር እንይዛለን፣ ሲመሽ ልጆቹን እጅጌና ሱሪያቸው ረጅም የሆነ ልብስ እናለብሳለን። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ “ባቱ ነበርኩ” ብሎ መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ተጂ ላይ ወባን ቀድሞ የሚጠረጥር ላይኖር ይችላል። ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። የትሉ እጭ የሚያድገው በውኃ ዳር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፣ የሚገባውም በቆዳ በኩል። ስለዚህ ልጆች ሣር በበዛበት ዳርቻ እግራቸውን ነክረው አይጫወቱም፤ ወደ ጀልባው የሚሳፈሩት ከመሳፈሪያው ድልድይ ነው፣ ድልድይ ከሌለ ተሸክመናቸው። መድኃኒት አለው፤ ከጉዞው በኋላ ሆዱን ያመመው ወይም ሰገራው ደም የቀላቀለ ሰው ይመርመር። ጉማሬም አለ፤ ንጋትና ምሽት ላይ ከዳርቻው መራቅ ነው።

ቱሉ ጉዶ የዛይ ሕዝብ አገር ነው። በሐይቁ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ ሲሆን፣ ሰዎቹ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በተራራው ጎን እርከን ሠርተው ያርሳሉ። አናቱ ላይ ደብረ ጽዮን አለች። በገዳሟ ትውፊት ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ጽላተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሽተዋል፤ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም ተጠብቀው ኖረዋል። ወደ ላይ ለመውጣት የፈለገ ነጠላውን ይያዝ፤ ፎቶ ለማንሣት አስቀድሞ ይጠይቅ። የመሪውን፣ የድንኳን ቦታውንና የጥበቃውን ክፍያ ማታውኑ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንጨርሳለን፤ ጠዋት ባለጀልባው ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ሒሳብ የሚባል ነገር መኖር የለበትም። ያመጣነውን ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ በአንድ ማዳበሪያ ሰብስበን፣ አፉን አስረን፣ ከጓዙ ጋር ወደ ባቱ እንመልሰዋለን።