ያደረ ህብስት አልደረቀም

ህብስት በእንፋሎት የሚበስል ዳቦ ነው። ድስት ውስጥ ውሃ ይደረጋል፤ ከውሃው በላይ እንጨት ይረበረባል፣ ኮባ ይነጠፋል፣ ኩፍ ያለው የስንዴ ሊጥ ይፈስበትና ይከደናል። ቅርፊት የለውም፤ ከዳር እስከ መሃል አንድ ዓይነት ልስላሴ ነው። በየበዓሉ ድፎ ዳቦ ሲወደስ ህብስት የሚያስታውሰው ማጣቱ ይቆጨኛል።

ገና ከድስት ሲወጣ ጠጣር ከሆነ ጥፋቱ የአብሳዩ ነው። ወይ ሊጡ በቅጡ ሳይቦካ ተቻኩሎ ገብቷል፣ ወይ «በሰለ ይሆን?» እየተባለ ክዳኑ ተደጋግሞ ተከፍቷል። ክዳን በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሊጡ ይረግባል፣ መሃሉም ሙጫ ሆኖ ይቀራል። እባካችሁ አትክፈቱት!

አዊ ዞን ላይ ደግሞ ከፍታውም ምክንያት ይሆናል። በባሕር ወለል ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ዳንግላ በ93 ገደማ ታፈላለች፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለችው እንጅባራ ግን 92 እንኳ አይሞላላትም። እንፋሎቱም ከዚያ በላይ አይሞቅም። ቆላ የለመደ ሰው በለመደው ሰዓት ሲያወጣው ጥሬ የሚሆንበት ለዚህ ነው። እሳት ቢጨምርበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ እንፋሎቱ አይብስም። የሚጨመረው ጊዜ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን በማግስቱ ይመጣል። እንጅባራ አክስቴ ቤት ባደርኩ ጊዜ የማታው ህብስት ፌስታል ውስጥ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ አገኘሁት። ፌስታሉ ከውስጥ አልቦታል፤ ህብስቱን ግን በጣቴ ስጫነው አልሰረጎደም። «ደርቋል፣ ለዶሮ ይሰጥ» ተባለ። እንዴት ይደርቃል? ውሃው እኮ ከፌስታሉ አልወጣም!

ያሳሳተን «ደረቀ» የሚለው ቃል ነው። የደረቀ ነገር ማየት የፈለገ ድርቆሽ ይመልከት፦ ውሃውን ለፀሐይ ሰጥቶ ጨርሷል፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ያደረ ህብስት ግን ውሃውን እንደያዘ ነው የሚጠጥረው። ሊጡ ሲበስል በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላላል። ሲቀዘቅዝ የላላው ቀስ በቀስ ተመልሶ ይደረደርና ይጠነክራል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ቡሲንጎ በ1852 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሳይቷል፦ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ተዘግቶ የተቀመጠ ዳቦም ይጠጥራል፤ 60 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ደግሞ መልሶ ይለሰልሳል።

ይህ መጠጠር የሚፈጥነው በብርድ ነው፤ የእንጅባራ ሌሊት ደግሞ ብርዱ የታወቀ ነው። ፍሪጅማ ይብሳል፤ ህብስት ለማቆየት የማይሆን ቦታ ቢኖር እሱ ነው። ለብዙ ቀን ማቆየት የፈለገ ሰው ቆራርጦ በረዶ ቤቱ ውስጥ ያስገባው፤ እዚያ መጠጠሩ ከሞላ ጎደል ይቆማል። አዊ የድንች አገር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር፦ ተቀቅሎ የላመ ድንች ከሊጡ ጋር ሲለወስ ልስላሴው ይሰነብታል።

የጠጠረው ህብስት ማሞቂያው ያው ያበሰለው እንፋሎት ነው። ያን ዕለት ጠዋት አክስቴን «እስኪ ድስት እንጣድ» ብዬ ለመንኳት። ውሃው እስኪንተከተክ ጠበቅን። ህብስቱን ወፈር አድርገን ቆረጥነው፣ በኮባ ጠቀለልነው፣ ርብራቡ ላይ አስቀመጥነው። ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ እንዳያረጥበው ንጹሕ ጨርቅ ከክዳኑ ሥር አደረግን። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተን ስንገልጠው የኮባው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ህብስቱም በጣት ሲጫኑት ሰርጎድ ብሎ ይመለስ ነበር። አክስቴ ቆርሳ ካጎረሰችኝ በኋላ ራሷ ቀመሰችና ዝም ብላ ሁለተኛውን ቁራጭ አነሳች።

ምጣድ ላይ ጣል አድርጎ ማሞቅ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም ሳይሸፍኑ ማቆየት ውሃውን ያባርረዋል፤ ያኔ በእርግጥ ይደርቃል። የሞቀውም ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠጥራልና የምትበሉትን ያህል ብቻ አሙቁ፣ በትኩሱም ብሉት። የሻገተ ከሆነ ይጣል። ካልሻገተ ግን ለዶሮ ከመስጠታችሁ በፊት ድስት ጣዱ።