ሦስት ፖሊሶችና አንድ ድሮን፦ የላጅ ሊ «ሌ ሚዜራብል»

ፎቶግራፉ ከሩቅ ሲያዩት ያስደነግጣል። አንድ ጥቁር ወጣት መሣሪያ ደግኖ ፊት ለፊት ያነጣጥራል። ቀረብ ብሎ ያስተዋለ ግን የደገነው ጠብመንጃ ሳይሆን የቪዲዮ ካሜራ መሆኑን ያያል። ምስሉን በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያነሳው ጄ.አር. በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ አርቲስት ነው። በትልቁ ታትሞም ከፓሪስ በስተምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሞንፌርሜይ፣ ሌ ቦስኬ በሚባለው የፎቅ ቤቶች መንደር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ባለ ካሜራው ላጅ ሊ ይባላል። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ስለዚያው ሰፈር የሠራው «ሌ ሚዜራብል» የተሰኘ የወንጀል ፊልም በካን ፌስቲቫል የዳኞችን ሽልማት ከብራዚሉ «ባኩራው» ጋር ተጋራ። ለኦስካርም ታጨ።

ርዕሱ የቪክቶር ሁጎ ነው። በአማርኛ «መከረኞቹ» ተብሎ የተተረጎመውን ልብ ወለድ ያነበበ ሰው፣ ትንሿ ኮዜት በቴናርዲዬዎች ማደሪያ ቤት ስትንገላታ ዣን ቫልዣን ደርሶ እንዳወጣት ያስታውሳል። ሁጎ ያን ማደሪያ ቤት ያስቀመጠው ሞንፌርሜይ ነው። ፊልሙ ግን የዛሬዎቹን የሞንፌርሜይ ልጆች እንጂ ኮዜትን አያሳየንም።

ላጅ ሊ ከማሊ ከመጡ ወላጆች ተወልዶ በሌ ቦስኬ ያደገ ነው። «ኩርትራዥሜ» በተባለው የወጣት ፊልም ሠሪዎች ስብስብ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ኦክቶበር 27 ቀን 2005፣ በጎረቤት ከተማ በክሊሺ ሱ ቧ፣ ከፖሊስ የሸሹ የ15 እና የ17 ዓመት ልጆች የኤሌክትሪክ ኃይል ማከፋፈያ ውስጥ ተደብቀው በኤሌክትሪክ ሞቱ። ከዚያች ሌሊት የተነሳው ቁጣ በመላ ፈረንሳይ ሦስት ሳምንት ያህል ዘልቆ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ማወጅ ደረሰ። በነገሩ ተከሰው የነበሩት ሁለት ፖሊሶች በ2015 በነፃ ተሰናብተዋል። የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ከውጭ መጥተው ቀርጸው ሲመለሱ ላጅ ሊ እዚያው ነዋሪ ነበርና ከውስጥ ሆኖ ቀረጸ። በ2008 ደግሞ ፖሊሶች አንድን ወጣት ሲደበድቡ የቀረጸው ቪዲዮ ተሰራጭቶ በፖሊሶቹ ላይ ምርመራ አስከፈተ። ፊልሙን ለመረዳት ይህችን ነገር መያዝ ይበቃል፤ የታሪኩ መዘውር ከዚህች የተቀዳ ነውና።

ፊልሙ በደስታ ይከፈታል። ፈረንሳይ በ2018 የዓለም ዋንጫን ባነሳችበት ቀን ኢሳ የሚባል ልጅ ባንዲራ ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር ፓሪስ ይገባል። ሻንዜሊዜን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ለቀረጻ የተሰበሰበ አይደለም፤ የዕለቱ እውነተኛ ሕዝብ ነው። በዚያ ቀን የኢሳን ፈረንሳዊነት የሚጠይቅ የለም።

ደስታው ሲያልቅ ከሸርቡር ተዛውሮ የመጣውን ሩዊዝን እናገኛለን፤ ዳሚየን ቦናር ይጫወተዋል። ሲቪል ለብሶ በመኪና ሰፈር ለሰፈር ከሚያስሰው የፀረ ወንጀል ቡድን ጋር የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ባልደረቦቹ ክሪስና ግዋዳ ሰፈሩን አብጠርጥረው ያውቁታል። ክሪስ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆመችን ልጃገረድ ይፈትሻል፤ ጓደኛዋ በስልኳ ስትቀርጸው ስልኩን ነጥቆ ይከሰክሰዋል። ይህን ትዕይንት ልብ ይበሉት። ክሪስ የሚፈራው የሰፈሩን ወሮበሎች ሳይሆን መቀረጽን ነው።

በዚህ መሀል ኢሳ ከሰርከስ የአንበሳ ደቦል ይሰርቃል፤ የሰርከሱ ሰዎችም ዱላ ይዘው ሰፈሩን ሊያምሱ ይመጣሉ። ሦስቱ ፖሊሶች ልጁን አሳድደው ሲይዙት ሌሎቹ ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ ይከቧቸዋል። በግርግሩ ግዋዳ የጎማ ጥይት ይተኩሳል፤ ጥይቱ የኢሳን ፊት ያገኛል። ከሁሉም ራስ በላይ ደግሞ ቡዝ የተባለ ዓይናፋር ባለ መነጽር ልጅ የሚያበረው ድሮን እያንዣበበ ይቀርጻል። ቡዝን የሚጫወተው የላጅ ሊ የገዛ ልጁ ነው። ሩዊዝ ኢሳን ሆስፒታል እናድርሰው ሲል ክሪስ ቀድሞ ድሮኑ ይገኝ ይላል። ከዚህ በኋላ ደቦሉ ለጊዜው ይረሳል፤ ፖሊሱም፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ነኝ ባዩም ጣት የማታክል የድሮኑ ሚሞሪ ካርድ ፍለጋ ይሯሯጣል። ፊቱ ያበጠው ልጅ መኪና ውስጥ ይጠብቃል።

የፊልሙ ትልቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ተኳሹን ግዋዳን ጭራቅ አድርጎ ቢስለው ሥራው በቀለለ ነበር። ግን ማታ እናቱ ፊት ሲያለቅስ ያሳየናል። ክሪስም ቤቱ ሲገባ የልጆች አባት ነው። ይህ ጥፋታቸውን አይፍቅላቸውም፤ እንዲያውም ያከብደዋል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የአንድ ክፉ ሰው መሆኑ ቀርቶ የአሠራሩ ይሆናል። ልጆቹንም መላእክት አያደርጋቸውም። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በጠባቡ የፎቅ ደረጃ ላይ የሚሆነው ነገር የሩዊዝን ደግነት እንኳ ከንቱ የሚያስቀር ነው። ማቲዩ ካሶቪትስ በ1995 በ«ላ ኤን» ፊልሙ ስለ ፖሊስና ስለ ከተማ ዳር ወጣቶች የተናገረው ሁሉ ከሃያ አራት ዓመት በኋላም አለመሻሩን ማየት ያማል። ጉድለት አለበት ከተባለ ሴቶቹን ይመለከታል፤ እናቶችና እህቶች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፣ ሰፈሩ ግን የእነሱም ነው።

በፈረንሳይ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲኒማ ገብቶ አየው። በ2020 የሴዛርን የዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማት ወሰደ። ፕሬዚዳንት ማክሮን አይተውት ልባቸው መነካቱንና ሚኒስትሮቻቸውን መፍትሔ መጠየቃቸውን ጋዜጦች ጻፉ። ላጅ ሊ ግን መፍትሔ እስኪመጣ አልጠበቀም። ፊልሙ ሳይወጣ፣ በ2018፣ በዚያው በክሊሺና በሞንፌርሜይ የፊልም ትምህርት ቤት ከፍቷል። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ለመግባትም ዲፕሎማ አይጠየቅም።