ውሻው የት በልቶ ነው የሚጮኸው?

በአክሲዮን ገበያ እያንዳንዱ ኩባንያ የሚጠራበት አጭር ምልክት አለው። በአሜሪካው ናስዳክ ከሚታዩት አንዱ «ዉፍ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ የውሻ ጩኸት ነው። እኛ ዘንድ «ወፍ» ብሎ የሚያነበው አይጠፋም።

ምልክቱን ቀድሞ የያዘው የእንስሳት ሆስፒታሎች ባለቤት የሆነው ቪሲኤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በሎስ አንጀለስ ተመሥርቶ፣ በየከተማው ክሊኒክ እየገዛ አደገ። በ2017 የቸኮሌትና የውሻ ምግብ አምራቹ ማርስ፣ ለአንድ አክሲዮን 93 ዶላር፣ ዕዳውን ጨምሮ በጠቅላላው 9.1 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ጠቀለለው። ማርስ የቤተሰብ ንብረት ስለሆነ አክሲዮኑ ከገበያ ወጣ።

በጥር 2021 ፔትኮ የተባለው የቤት እንስሳት መደብር ያንኑ ምልክት ይዞ በ18 ዶላር ገበያ ገባ። ኮሮና ቤት ያዋላቸው ብዙዎች ቡችላ ያስገቡበት ጊዜ ነበርና፣ በመጀመሪያው ቀን ዋጋው 29 ዶላር አለፈ። በ2024 ግን ከ2 ዶላር በታች ወረደ።

ጩኸቱ አንድ፣ ዕጣው ሁለት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ የኩባንያም ነገር እንዲሁ ነው። ፔትኮ በዋናነት የሚበላው ከመደርደሪያ ነው። የውሻ አልጋና መጫወቻ ኑሮ ሲወደድ ለከርሞ ይቆያል፤ ምግቡን ደግሞ ቹዊ በኢንተርኔት፣ ዋልማርት በርካሽ ይሸጡታል። ዕዳም ተጭኖታል። ቪሲኤ ግን የሚበላው ከክሊኒክ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልስ ያደረ ውሻ ለከርሞ አይቆይም፣ ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል።

ከሐኪሙ ጀርባም ሌላ ገበታ አለ። በ1983 የተመሠረተው፣ በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት የሚገኘው አይዴክስ የተባለ ኩባንያ የእንስሳት ምርመራ ዕቃ አምራች ነው። ሐኪሙ ጥቂት የደም ጠብታ ከፈሳሽ ጋር አዋሕዶ፣ መዳፍ ላይ በምታርፍ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ያፈስስና ይጫናታል። የልብ ትል ወይም መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ ካለ በ8 ደቂቃ ውስጥ ሰማያዊ ነጥብ ብቅ ይላል። መመርመሪያዋ አንዴ ካገለገለች ትጣላለች፤ ለሚቀጥለው ውሻ ሌላ ይገዛል። የኩባንያው እንጀራ ይህ ነው።

ጥሩ ኩባንያም ቢሆን በውድ ከተገዛ ያከስራል። ስለዚህ ውሻ ወዳጅ ሁሉ አክሲዮን ከመግዛቱ በፊት የኩባንያውን ዓመታዊ ሪፖርት ይክፈት፤ ገቢው ከክሊኒክ ነው ከመደርደሪያ? ዕዳውስ ስንት ነው?