እንዴት ይሠራል? ሽቦ ጎርሳ ቁልፍ የምትተክለው ፒንሳ

ስቴፕለር በቅርብ ካለ ያምጡትና ሁለት ወረቀት ይምቱበት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። ቀጥ ብላ የገባችው ሽቦ ሁለት እግሮቿን ወደ ውስጥ አጥፋ ወረቀቱን ጨምድዳ ይዛዋለች። እግሮቹን ያጠፈቻቸው ከታች ያለችው፣ ሁለት ትንንሽ ጎድጓዳ ቦዮች የተቀረጹባት የብረት ሳህን ናት። ዛሬ የምንነጋገርባት መሣሪያም የስቴፕለር የቅርብ ዘመድ ናት፤ የምትበሳው ቆዳ፣ የምትተክለው ደግሞ ቁልፍ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መባቻ፣ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የሴቶችና የልጆች ጫማ፣ የወንዶችም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በቁልፍ ነበር። ከቁርጭምጭሚት በላይ በሚወጣ ቦቲ ጫማ ጎን ላይ አሥርና ከዚያም በላይ ቁልፍ ይደረደራል። ቁልፎቹ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ጠፍጣፋ አይደሉም። ድቡልቡል ናቸው፤ አብዛኞቹ ጥቁር፣ ብዙዎቹም ከተቦካና ከተጨመቀ ወረቀት የተሠሩ፣ ከጀርባቸው የሽቦ ቀለበት የወጣላቸው። (እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ብዙ የአሻንጉሊት ድቦች ፊት ላይ ዓይን ሆነው የተተከሉት እነዚሁ የጫማ ቁልፎች ናቸው።) ጠንካራ ቆዳ ላይ ባለ ጠባብ ቀዳዳ ቁልፍን በጣት ማሾለክ አድካሚ ስለሆነ በየቤቱ እጀታ ያለው የብረት መንጠቆ ነበር። መንጠቆው በቀዳዳው ይገባና የቁልፉን አንገት ይዞ፣ ጎትቶ ያወጣዋል። ጠዋት ጫማ ሲደረግ እያንዳንዱ ቁልፍ ይጎተታል።

ጉተታውን ሁሉ የሚሸከመው ክር ነው። ጨርቅ ላይ የተሰፋ ቁልፍ ሲጎተት ድርና ማጉ ትንሽ ይለጠጣል፤ ክሩንም ዙሪያውን ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል። ቆዳ ግን ድርና ማግ የለውም። መርፌ የበሳው ቀዳዳ እንደተበሳ ይቀራል፤ ክሩም በውስጡ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በላይ በኩል ደግሞ ከቁልፉ የብረት ቀለበት ጋር ይተሻሻል። በአንድ ወገን ብረት፣ በሌላው የቆዳ ጠርዝ፣ መሀል ላይ ጭቃና እርጥበት የጠጣ ክር! የጫማ ቁልፍ የሚረግፈው በጫማ ሰፊው ስንፍና አልነበረም፤ ክር እዚያ ቦታ ላይ ከአቅሙ በላይ ስለተጠየቀ ነው።

መፍትሔው ክሩን በሽቦ መተካት ሆነ። ሽቦ ግን በጣት አይቋጠርም፤ ቆዳን በስቶ አልፎ በወዲያኛው ወገን ራሱን እንዲያጥፍ የሚያስገድደው መሣሪያ ያስፈልጋል። ለፋብሪካና ለጫማ መደብር ቆመው የሚሠሩ ማሽኖች ወጡ፤ ለእጅ ደግሞ ፒንሳ።

ፒንሳዋ ሁለት መንጋጋ አላት። በላይኛው ላይ ጠባብ ቦይ አለ፤ ልክ «በ» ፊደልን የመሰለች ሽቦ የምትቀመጠው እዚያ ነው። ሽቦዋ የቁልፉን ቀለበት ታጥቃ፣ ሁለት እግሯን ወደ ታች አድርጋ ትጠብቃለች። በታችኛው መንጋጋ ላይ መስፏ አለች፤ አንጥረኛ ብረት እንደሚቀጠቅጥባት መስፍ ሆና፣ መጠኗ ግን ከጥፍር የማይበልጥ። ቆዳው በሁለቱ መካከል ይገባል፤ የውጭ ፊቱ ወደ ቁልፉ፣ የውስጡ ወደ መስፏ።

አሁን እጀታውን እንጨብጠው። ከማጠፊያው እስከ እጅዎ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ከማጠፊያው እስከ ሽቦዋ 2 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የእጅዎ ጉልበት ሽቦዋ ጋ የሚደርሰው ስድስት እጥፍ ሆኖ ነው፤ የ10 ኪሎ ጭበጣ የ60 ኪሎ ጫና ይሆናል። 0.8 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሽቦ የጫፉ ስፋት ግማሽ ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሁለቱ እግሮች ተደምረው አንድ። የአንድ ትልቅ ሰው ክብደት በአንዲት ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ ማለት ነው። ጫፉ ከተሳለ ስፋቱ ከዚያም ያንሳል። የጫማ ቆዳ ይህን አይመክትም፤ ይበሳል።

ችግሩ ያው ጫና ሽቦዋንም ማግኘቱ ነው። ቀጭን ነገር ከሁለት ጫፉ ሲጫኑት ወደ ጎን መጉበጥ ይቀለዋል፤ ርዝመቱ ሲጨምር ደግሞ ድክመቱ በብዙ ይጨምራል። ድጋፍ የሌለው ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ ለማጉበጥ የሚበቃው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛው ቦይ ሽቦዋን ከማስቀመጥ ሌላ ዋና ሥራ አለው፤ እግሮቿን ከግራና ከቀኝ ደግፎ ይይዛል፤ ከድጋፍ ወጥቶ የሚታየው ርዝመት ሁልጊዜ ጥቂት እንዲሆን ያደርጋል። አሮጌ ስቴፕለር ሽቦውን እያጣመመ የሚያስቸግርዎ ብዙ ጊዜ ይኸው ቦይ ተበልቶ ስለሰፋ ነው።

ከመሣሪያው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን መስፏ ናት። የሽቦዋ ጫፍ ቆዳውን በስቶ ሲወጣ የሚያገኘው ጠፍጣፋ ብረት ቢሆን ኖሮ እግሮቹ ወደፈለጉበት ይበታተኑ ነበር፤ አንዱ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ጎን፣ ጫፋቸውም በባለጫማዋ ካልሲ ውስጥ ተሰክቶ ይቀር ነበር። የመስፏ ፊት ግን ሁለት የተቆለመሙ ቦዮች አሉት። ጫፉ ሲነካቸው ይንሸራተታል፤ ወደ ታች የነበረው ጉዞ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ከላይ የሚገፋው እጅ ስላላቆመ ወደ ላይ ይመለስና የቆዳውን የታች ፊት መልሶ ይነክሳል። ሹሉ ጫፍ ቆዳው ውስጥ ተቀበረ፤ እግር የሚነካው የሽቦዋ ለስላሳ ጀርባ ብቻ ነው። ጉተታው ሲመጣም የሚሸከመው አንድ የክር ቀዳዳ ሳይሆን በሁለቱ የታጠፉ እግሮች መካከል ያለው ቆዳ በሙሉ ነው።

ማንኛውም ሽቦ ይህን አያደርግም። በጣም ከጠነከረ እጥፋቱን አሻፈረኝ ብሎ ይሰበራል፣ ወይም እንደ ሞላ ተመልሶ ይከፈታል። በጣም ከለዘበ ደግሞ ቆዳውን ሳይበሳ ይጨማደዳል። ርዝመቱ ከቆዳው ውፍረት፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ስፋት ከመስፏ ቦዮች፣ ውፍረቱ ከላይኛው ቦይ ጋር መስማማት አለበት። ስለዚህ ፒንሳዋንም ሆነ ትልቁን ማሽን የገዛ ሰው የሚስማማትን ሽቦ ደግሞ ደጋግሞ መግዛት ነበረበት። ፒንሳ አንዴ ይገዛል፤ ሽቦ ያልቃል።

ይህን የተረዳ አንድ ኩባንያ የሠራው ሥራ እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይነሣል። ሂተን-ፔኒንሱላር የተባለው የአሜሪካ የቁልፍ ማያያዣ ኩባንያ በፓተንት የተጠበቀ ቁልፍ መትከያ ማሽን ነበረው። ማሽኑን ለጫማ ነጋዴዎች የሚሸጠው በወጪው ዋጋ ነበር፤ ትርፉን የሚያገኘው ከሽቦዎቹ ነው። ሽቦዎቹ ግን ፓተንት አልነበራቸውም፤ ማንም ሊሠራቸው ይችል ነበር። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ማሽኑ የተሸጠው ከራሱ ከኩባንያው ወገን በሚመጡ ሽቦዎች ብቻ እንዲሠራ ነው፤ ገዢው ሌላ ሽቦ ከተጠቀመ የማሽኑ ባለቤትነት ወዲያው ወደ ሻጩ ይመለሳል። ዩሬካ ስፔሻልቲ የሚባል ሌላ ድርጅት ለዚያው ማሽን የሚሆን ሽቦ ሠርቶ መሸጥ ሲጀምር ተከሰሰ።

እ.ኤ.አ. በ1896 የ6ኛው ክልል ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለሂተን ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሆራስ ለርተን ናቸው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነበር፤ የፈጠራው ባለቤት ከፈለገ ማሽኑን ለማንም ያለመሸጥ መብት አለው፤ ጨርሶ መከልከል የሚችል ሰው በቅድመ ሁኔታ መፍቀድም ይችላል። ሁኔታው የከበደው ነጋዴ ማሽኑን ትቶ በፊት እንደሚያደርገው በሌላ መንገድ ቁልፉን ይትከል።

ለኩባንያው የሚነገር ደህና ነገር አለ። ማሽኑ በወጪ ዋጋ ባይሸጥ ኖሮ ትንሹ የጫማ ነጋዴ ላይገዛው ይችል ነበር፤ ዕዳውን ጥቂት በጥቂት በሽቦ ዋጋ መክፈሉ አቅም ለሌለው ይቀላል። እኔ ግን ፍርዱን መቀበል አልችልም። ዋጋውን ከፍሎ ማሽን ወደ ሱቁ ያስገባ ሰው የማሽኑ ጌታ ነው። ከሌላ ሰው የገዛት አንዲት ሽቦ ንብረቱን ልታሳጣው አይገባም። ፓተንት የሚጠብቀው የተፈጠረውን ነገር ነው፤ የተፈጠረው ደግሞ ማሽኑ እንጂ ሽቦው አልነበረም።

ለርተን በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ ያንኑ ሐሳብም ይዘው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1912 የኤ.ቢ. ዲክ ኩባንያ ጉዳይ ቀረበ። ዕቃው የስቴንስል ማባዣ ነበር፤ የፈተና ወረቀት በስቴንስል ይባዛ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ አንባቢዎች ያውቁታል። ማባዣው ላይም ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ከኩባንያው ወረቀትና ቀለም ሌላ አይግባበት ይላል። ፍርድ ቤቱ 4 ለ3 ለኩባንያው ወሰነ፤ የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ለርተን ናቸው። ሕዝቡም ምክር ቤቱም አልተዋጠላቸውም። በ1914 ኮንግረስ ሻጭ ገዢውን የተፎካካሪ ዕቃ እንዳይገዛ የሚያስርበትን ውል የሚገድብ የክሌይተን ሕግ አወጣ። በ1917 ደግሞ ስለ ሲኒማ ማሳያ ማሽንና ፊልም በመጣ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ የ1912ቱን ፍርድ ሻረ፤ በቁልፍ ሽቦ የተጀመረውም ሐሳብ አብሮ ወደቀ። ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ በ2017፣ የፕሪንተር ቀለም መያዣ ሻጩ ሌክስማርክ መያዣውን ሞልተው መልሰው የሚሸጡትን በፓተንት መብቱ ለማስቆም ሞክሮ እዚያው ፍርድ ቤት ተሸነፈ። ፕሪንተሩ ረክሶ ቀለሙ የሚወደድበትን ምክንያት የሚጠይቅ ሰው ከዚያ የጫማ ሱቅ ማሽን ቢጀምር መልሱን ያገኛል።

ባለቁልፍ ቦቲ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከገበያ እየጠፋ ሄደ። መሣሪያዋ ግን ልጅ አላት፤ የጂንስ ሱሪ ቁልፍ መምቻ። በጂንስ ላይ ብረት የገባውም ያው ክር ጉተታውን ስላልቻለ ነው። ጄኮብ ዴቪስ የሚባል የኔቫዳ ልብስ ሰፊ የሠራተኞች ሱሪ ኪስ ከጥጉ እየተተረተረ ሲያስቸግረው ጥጉን በመዳብ ሪቬት መታው፤ ከሊቫይ ስትራውስ ጋር ሆነውም እ.ኤ.አ. በ1873 ፓተንት አወጡበት።

የጂንስ ቁልፍ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ከውጭ የሚታየው ቆብና ከውስጥ የሚገባው አጭር ሚስማር። እዚህ ላይ አንድ ብልህ ለውጥ አለ፦ መስፏ ከመሣሪያው ወጥታ ቁልፉ ሆድ ውስጥ ገብታለች። ሚስማሩ ጨርቁን በስቶ ወደ ቆቡ ሆድ ሲገባ ከጣሪያው ጋር ይጋጫል፤ ጫፉ ይጨፈለቃል፣ ይሰፋል፤ በገባበት ጠባብ አንገት መመለስ አይችልም። መምቻው የሚያደርገው ሁለቱን ቀጥ አድርጎ ይዞ መጫን ብቻ ነው። ለዚያም ነው በቤት መዶሻም ሊሠራ የሚችለው።

ቁልፉ ከሱሪዎ ጨርቅ ቀዶ ከወጣ አዲሱን በዚያው ቀዳዳ አይትከሉ፤ ሚስማሩ የሚይዘው ጨርቅ የለም። ከውስጥ በኩል ጠንካራ ቁራጭ ጨርቅ ሰፍተው ይደርቡና በወስፌ አዲስ ቀዳዳ ይብሱ፤ በመቀስ አይቁረጡ፣ ወስፌ ክሮቹን ገፍቶ ያልፋል፣ መቀስ ግን ይበጥሳቸዋል። የቆቡ ፊት እንዳይጨፈለቅ መሀሉ ትንሽ የጎደጎደ ጠንካራ እንጨት ላይ በፊቱ ያስተኙት። ሚስማሩን ከላይ አቅንተው በአንድ ወይም በሁለት ቀጥ ያለ ምት ያስገቡ፤ ብዙ ትንንሽ ምት ሚስማሩን ያንጋድደዋል። የሚስማሩን ርዝመት የሚወስነው የጨርቁ ውፍረት ነው። አጭር ከሆነ የቆቡ ጣሪያ ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ ከረዘመ ደግሞ ከመጨፍለቁ በፊት ይጎብጣል።

መጨረሻ ላይ ቁልፉን ይዘው ጠንከር አድርገው ይሳቡ። አንዳንዱ ቁልፍ እንዲዞር ሆኖ የተሠራ ስለሆነ መዞሩ አያስደንግጥዎ። በቆቡና በጨርቁ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካዩ ግን ሚስማሩ አልተጨፈለቀም። ደግመው አይምቱት፤ እግሩን በመቁረጫ ፒንሳ ቆርጠው ያውጡትና ረዘም ባለ ሚስማር፣ በአዲስ ቆብ ይጀምሩ።