በረኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት፦ የጀልባ እድፍ እንዴት ይለቃል?

ኦስሎ ውስጥ ጸደይ መግባቱ የሚታወቀው በአበባ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ ሲደርስ በፊዮርዱ ዳር ያሉት የጀልባ ማቆሚያዎች ባልዲና ብሩሽ በያዙ ሰዎች ይሞላሉ። በመከር ከውሃ የወጣ ጀልባ ተመልሶ ከመግባቱ በፊት ይታጠባል፣ ይቀባል።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ አባቴ ነው። ያደገው ባሕር ዳር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኛው ጋር (እኔ ጋሼ ነው የምላቸው) ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ያገለገለች የፋይበርግላስ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ገዙ። በበጋ ማኬሬል ያጠምዱባታል። ኮድ የሚባለውን ዓሣ ግን አይነኩም፤ በጣም ስለተመናመነ ከ2019 ጀምሮ በኦስሎ ፊዮርድ ማጥመዱ ተከልክሏል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ጸደይ “ጀልባዋ መታጠብ አለባት” ስለው አባቴ ሳቀብኝ። “ጣና ላይ ታንኳ የሚያጥብ አይተሽ ታውቂያለሽ?” አለኝ። እውነቱን ነው። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ሲበሰብስ ደግሞ አዲስ ይሠራል። ፋይበርግላስ ግን አይበሰብስም፤ እድፉን ተሸክሞ ለዓመታት ይኖራል።

ባለፈው ሚያዝያ ጀልባዋ በሸራ ተሸፍና ሳለች አባቴ ሆዷ ላይ እድፍ ማስለቀቂያ አሲድ ቀባ። ቶሎ አልለቅ ሲለው፣ አሲዱን ሳያጥብ በረኪና ደረበበት። እኔ ውጭ ባልዲ እየሞላሁ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ሳሉን ነው። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የመዋኛ ገንዳ ሽታ ይመስላል፣ ግን በጣም የበረታ። “አባዬ፣ ተወው! አሁኑኑ ውጣ!” ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ሸራውን ከሁለቱም በኩል ከፈቱት። እኔ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከሉ ደወልኩ፤ ንጹሕ አየር ላይ እንዲያርፍና ትንፋሹን እንድከታተል ተነገረኝ። አባቴ ማታውን ሙሉ ሲያስል አመሸ፤ እኔም ሳልተኛ አደርኩ። ደግነቱ በማግስቱ ተሻለው።

ሲረጋጋ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ “ሁለቱም እድፍ ማስለቀቂያ ናቸው። ታዲያ ምን አጠፋሁ?” መልሱን አውቀዋለሁ፤ የነርስነት ተማሪ ነኝ። ግን የማውቀው በኖርዌጂያንኛ ነበር። በአማርኛ ልናገር ስሞክር “አደገኛ ነው” ከማለት አላለፍኩም። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን በአግባቡ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከእድፉ ነው። የጀልባ እድፍ አንድ አይነት አይደለም፤ አራት አይነት ነው። መድኃኒታቸውም ይለያያል።

አንደኛው የሚያዳልጠው አረንጓዴ ሽፋን ነው። ውሃ ውስጥ በገባ ነገር ሁሉ ላይ መጀመሪያ ባክቴሪያዎች ይለጠፉና ልጋግ የመሰለ ሽፋን ይሠራሉ። አልጌው ከዚያ በኋላ ይከተላል። በትምህርት ቤት ይህንኑ ሽፋን በሽንት ካቴተር ላይ እንማረዋለን፤ ባክቴሪያዎቹ በውስጡ ስለሚሸሸጉ አንቲባዮቲክ በቀላሉ አይደርስባቸውም። ጀልባ ላይ ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ውሃና ብሩሽ። ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ጀልባው ከውሃ እንደወጣ፣ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። ከደረቀ በኋላ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ የግማሽ ቀን ይሆናል።

ሁለተኛው በውሃው መስመር ላይ የሚቀረው ጥቁር ቅባት ነው። ከሞተር የሚወጣ ዘይትና ጥላሸት ውሃው ላይ ይንሳፈፍና ጀልባው ጎን ላይ ይለጠፋል። ቅባት በሳሙና ይለቃል፤ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ኖርዌጂያኖች ሩር የሚሉት ነው። ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ የሽሪምፕና የሸርጣን ዘመድ። ከሕፃንነቱ በኋላ አንድ ቦታ ተጣብቆ የኖራ ቤት ይሠራል፣ ዕድሜውን ሙሉም ከዚያ አይነቃነቅም። በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳል፤ ብረት ፋይበርግላሱን ይቧጭራል። የሚቀረው ነጭ ክብ ምልክት የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የእንቁላል ቅርፊት ሎሚ ውስጥ ቢገባ አረፋ እያወጣ እንደሚሟሟ፣ ይህም በቀላል አሲድ ይለቃል።

አራተኛውና አባቴን ያስቸገረው ቢጫና ቡኒ ቀለሙ ነው። ከኖርድማርካ ጫካ የሚወርደው ውሃ የበሰበሰ ቅጠልና የረግረግ ቀለም ይዞ ወደ ፊዮርዱ ይገባል። ይህ ቀለም ከሻይ ታኒን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በውሃው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲጣመር ፋይበርግላሱ ላይ ይቀራል። የሻይ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀረውን ቡኒ መስመር አስቡት። ቅባት ስላልሆነ ሳሙና አያስለቅቀውም። የሚያስለቅቀው ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ብረቱን ይይዝና ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ ያደርገዋል። በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይቀባል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ማሸት አያስፈልገውም፤ መታገስ ነው። በረኪና ግን እዚህ ላይ ጭራሽ አይረዳም። ብረቱን የባሰ ሊያዝገውና እድፉን ሊያጸናው ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ውሃ፣ ሳሙና፣ መፋቂያ፣ በመጨረሻ አሲድ ነው። ሁሉም ታጥቦ ሲደርቅ ከውሃው መስመር በላይ ያለው ክፍል ሰም ይቀባል፤ የሚቀጥለው ዓመት እድፍ በቀላሉ እንዳይገባ።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ታስሮ የተቀመጠ ነው። አሲድ ሲያገኘው ይፈታና ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በ1915 የጀርመን ጦር ኢፕር በተባለችው የቤልጂየም ከተማ አካባቢ በወታደሮች ላይ የለቀቀው ይህንኑ ጋዝ ነው። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጀልባ ስር የተንበረከከ ሰው ፊት ላይ ማለት ነው። በአይንና በመተንፈሻ አካል ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሠራል፣ ያቆስላል። ሳንባ ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል “ደህና ነኝ” ያለ ሰውም ክትትል ያስፈልገዋል።

ኦክሳሊክ አሲድም ብቻውን ቀልድ አይደለም። ሰውነት ውስጥ ከገባ ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል፤ አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው ከዚሁ ከካልሲየም ኦክሳሌት ነው። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ዱቄት ከሆነ አቧራውን አትተንፍሱ። ስትበጠብጡ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ። አይን ውስጥ ከገባ ሳትዘገዩ ለብ ባለ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ኖርዌይ ውስጥ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ በ22 59 13 00 ሌሊትም ቀንም ያነሳል፤ መተንፈስ ላቃተው ሰው ግን በቀጥታ 113 ደውሉ።

ሌላም ነገር አለ፦ የምናጥበው ቆሻሻ የት ይሄዳል? ከውሃው መስመር በታች ያለው ቀለም ሩርና አልጌ እንዳይለጠፉ መዳብ ይደረግበታል። ቀድሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ቲቢቲ የሚባል የቆርቆሮ ውሕድ ይደረግበት ነበር፤ ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች የወንድ ብልት እንዲያበቅሉ እስከማድረግ ደርሷል። ዓለም አቀፉ ክልከላ በ2001 ተፈርሞ በ2008 በሥራ ላይ ዋለ። በአሮጌ ጀልባዎች ላይ ግን ከላይኛው ቀለም ስር ዛሬም ሊኖር ይችላል። የኦስሎ ፊዮርድ ደግሞ ድሮባክ ላይ 20 ሜትር ያህል ጥልቀት ብቻ ያለው ደፍ ስላለበት የውስጠኛው ውሃ ቶሎ አይታደስም። ስለዚህ ቀለሙን በደረቁ አትፈግፍጉ፤ የተፋቀውን ሸራ ላይ ሰብስባችሁ ለአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ አስረክቡ።

ጀልባ ላይ የሚጣበቁትን በምን እንከላከል በሚለው ጥያቄ ውስጥ የእኛም ሰው ስም አለ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ ዕድሜውን በዚህ ላይ አሳለፈ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘ። በኋላም አሜሪካ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ ዜብራ መስል የተባለችውን ቧንቧ የምትዘጋና ጀልባ ላይ የምትጣበቅ ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ። ዩኒቨርሲቲው የባለቤትነት መብት ሲያወጣበት “የኢትዮጵያ ድርሻ የታለ?” የሚል ክርክር ተነሳ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ፊዮርድ ውስጥ አፍስሱት አልልም። ነገር ግን ልብስ የምታጥብ ሴት ሳሙና ምን እንደሚያጸዳና ምን እንደሚገድል አስተውሎ መጠየቅ የት እንደሚያደርስ ያሳያል።

ብዙዎቹ ወላጆቻችን እዚህ አገር ኑሮ የጀመሩት በጽዳት ሥራ ነው። እጃቸው ጎበዝ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን በእነሱ ቋንቋ አይደለም። ጀልባ ባይኖራችሁም ቤታችሁ በረኪና አለ፤ የሽንት ቤት አሲድ አለ፤ ኮምጣጤም አለ። ዛሬ ማታ ደውሉላቸውና “በረኪናን ከአሲድ ጋር አንድ ላይ እንዳታደርጉ” በሏቸው። ምክንያቱንም ንገሯቸው። አባቴ ትእዛዝ አይሰማም፤ ምክንያት ግን ይሰማል። ዘንድሮ ጠርሙሱን ከመክፈቱ በፊት ወደ እኔ ዞሮ “ይሄኛው ለየትኛው እድፍ ነው?” ብሎ ጠይቆኛል።

ቸር ይግጠመን።