አንድ ማንኪያ ብቅል ገንፎውን ምን ያደርገዋል?

ልጅ በልቶ የተወውን ገንፎ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሲቀርብ ማንኪያ ያቆም ነበር። ልጁ ማንኪያውን እየላሰ ሲያማስለው ቆይቶ ከሄደ በኋላ ግን ሳህኑ ላይ ውሃ አቅርሮ ይገኛል። ውሃ የጨመረበት የለም። ያቀጠነው የልጁ ምራቅ ነው።

ይህን ያዙልኝና፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ወደሚያዘጋጁት የምግብ ሠርቶ ማሳያ እንሂድ። አንዷ እናት ዱቄት፣ አንዷ እንቁላል፣ ሌላዋ ካሮት ወይም ጎመን ይዛ ትመጣለች። በአንድ ድስት ተሠርቶ ልጆቹ እዚያው ይቀምሱታል። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ባለ ሙዝና ባለ ሥጋ ሥዕል ይልቅ ይህ ድስት ያስተምራል ባይ ነኝ፤ ውስጡ የሚገባው ሁሉ ከጎረቤት ጓዳ የወጣ ነውና።

እዚያ ሳይነገር የማይቀር ምክር አለ፦ ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት ገንፎው መንጠባጠብ የለበትም፣ እዚያው መቆየት አለበት።

ምክንያቱ የሆድ መጠን ነው። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንግዲህ ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም። በዚያች ቦታ ቀጭን አጥሚት ካፈሰሳችሁባት ልጁ ይጠግባል፣ የጠገበው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው።

ታዲያ ዱቄቱን አብዝቶ ማወፈር ነዋ! ቀላል ይመስላል፤ የ7 ወር ልጅ ግን የወፈረ ገንፎ መዋጥ ያቅተዋል፣ ይተፋዋል። እናት ደግሞ ልጇ እንዲበላላት ስትል ውሃ ትጨምራለች።

ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው ጠላ ጠማቂዎች ጓዳ የማይጠፋው ብቅል ነው።

ገንፎን የሚያወፍረው ስታርች ነው። ውሃ ውስጥ ሲሞቅ ያብጥና እንደተወሳሰበ ረጅም ክር ሆኖ ውሃውን ጠፍሮ ይይዘዋል። ገብስ ርሶ ሲበቅል ደግሞ ውስጡ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይፈጠራል፤ ለቡቃያው ምግብ እንዲሆን ያንን ክር የሚቆራርጥ መቀስ ነው። ምራቃችን ውስጥም ያለው የዚሁ ዘመድ ነው።

እስቲ ሞክሩት። ወፍራም ገንፎ አገንፉና ለሁለት ሳህን ክፈሉት። ጣት የሚያቃጥል ግን የማይፈላ እስኪሆን ጠብቁ። አንዱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ። ደቂቃዎች ሳይቆይ ማማሰያው እየቀለለ ይመጣል፤ ገንፎው ወደ አጥሚት ይወርዳል። ቅመሱት፣ ጣፈጥ ብሏል። የተቆራረጠው ስታርች በከፊል ስኳር ሆኗላ።

ልብ በሉ፣ ጠብታ ውሃ አልጨመራችሁም። ዱቄቱ እንዳለ ነው። ልጁ የሚውጠው እንደ አጥሚት፣ የሚያገኘው ግን የገንፎውን ያህል ነው። ስለዚህ ብቅል ገባ ብላችሁ ዱቄቱን እንዳትቀንሱ፤ ያኔ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ያንኑ የብቅል ዱቄት በፈላ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ቀቅላችሁ ሁለተኛው ሳህን ላይ አድርጉት። ምንም አይሆንም! ኢንዛይሙ ፍል ነገር አይችልም። ጠላ ውስጥ አሻሮው ተቆልቶ ሲገባ ብቅሉ ግን በፀሐይ ብቻ የሚደርቀው ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም። እናቶቻችን ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ የቱ መቆላት እንደሌለበት ግን አሳምረው ያውቃሉ።

ማብቀል ሌላም ጥቅም አለው። እህል ውስጥ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚያስቀር ፋይቴት የሚባል ነገር ሲበቅል ይቀንሳል።

ብቅል ብቻውን ግን ገንፎን ሙሉ ምግብ አያደርገውም። ሠርቶ ማሳያው ላይ ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር አብሮ የሚፈጨው አለምክንያት አይደለም፤ እህል የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በባቄላ፣ በሽምብራና በምስር ሞልቷል። እንቁላልና ጎመን ከተገኙ ደግሞ እሰየው።

ለሕፃን ስትሠሩ፣ ገንፎው ከቀጠነ በኋላ እንደገና ጣዱትና አንዴ ይፍላ፤ በማብቀልና በማስጣት ጊዜ ብቅሉ ላይ ያረፈ ጀርም እንዲሞት። ኢንዛይሙም አብሮ ይሞታል፣ ግን ሥራውን ጨርሷል፤ ገንፎው ተመልሶ አይወፍርም። የሻገተ ብቅል አትጠቀሙ። የማሽላ ብቅል ብቻ ቢኖራችሁም ለሕፃን ይቅርባችሁ፤ የማሽላ ቡቃያ ውስጥ ሳይናይድ የሚወጣው ነገር ስላለ የገብሱን ግዙ። ለአንድ ሳህን አንድ የሻይ ማንኪያ ከሆነ አንድ ጣሳ ብዙ ያስኬዳችኋል።